ሳላሠራው ያቆየሁት ቱርቦ

ለዓመታት የነዳሁት አሮጌ የናፍጣ መኪና ለሞተሩ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ አልነበረውም። ዳገት ላይ ያቃስታል፤ ግን ይወጣል። ሲበላሽ ዲላ ያለ ማንኛውም ጋራዥ በግማሽ ቀን ያስነሳዋል። እሱን ሸጬ የገዛሁት ባለ ቱርቦ ፒክአፕ ግን ከገበሬዎች የምገዛውን እሸት ቡና ጭኜ ከኢዲዶ መንደር ዳገቱን ስወጣ እንኳ ጉልበቱ አይቀንስም። ኮራሁበት።

በሦስተኛው ዓመት ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር። ዲላ ያለው መካኒኬ የቱርቦውን የአየር ቱቦ ፈትቶ ጣቱን አስገባ። ጣቱ በዘይት ርሶ ወጣ።

"ቱርቦው ዘይት እያሳለፈ ነው ጋሼ። እንዲህ ሆኖ አይነዳም።"

"ስንት ይፈጃል?"

ነገረኝ። አሮጌውን መኪና የሸጥኩበትን ዋጋ ግማሽ ያህል ነበር።

"የቡናው ወቅት ይለፍ" አልኩት። "እስከዚያ ዘይት እየጨመርኩ እነዳዋለሁ።"

"መንገድ ላይ ይቆምብዎታል" አለኝና ቱቦውን መልሶ አሰረ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ኢዲዶ ስደርስ ቡናውን ሁልጊዜ ለእኔ የሚሸጥ ገበሬ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ሞተር ሳይክል ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ከእናቱ ጋር ከኋላ ወንበር አስገባናት፤ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ።

ዳገቱን ስናጋምስ ስለታም ፉጨት ሰማሁ፤ ወዲያው ጠፋ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ መኪናው አይሰማም። ጭሱ መንገዱን ሸፈነው። ሞተሩን አጠፋሁት።

"ምን ሆነ?" አለኝ ባልየው።

"መኪናው አይወጣም።"

እሱ ወርዶ ሰው ተጣራ። ቡና ሲለቅሙ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ አበጁ። ትከሻ እየተቀያየርን እስከ አስፋልቱ ተሸከምናት። እኔም ተራዬ ሲደርስ ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሚኒባስ አግኝተን ሆስፒታል አደረስናት።

እሷ ተረፈች። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ።

"ቀደም ብለን ብንደርስስ?" ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

"እሱን ማወቅ አይቻልም" አለችኝ።

ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሰዎች ሲሄዱ ባልየውን ለብቻው ይዤ እውነቱን ነገርኩት። "መበላሸቱን አውቅ ነበር። ለገንዘቡ ሳስቼ ነው ሳላሠራው የቆየሁት።"

"ሌላ መኪና በሰፈሩ አልነበረም" አለኝ። "የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል።" ይቅር ብሎኛል ለማለት አልደፍርም። በዚያ ወቅት የቀረውን ቡና ለሌላ ሰው ሸጠ። እኔም ተበድሬ ቱርቦውን አስቀየርኩ።

ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። እሱ እንድቆም እጁን አነሳ። ሚስቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለክትትል ጤና ጣቢያ መሄዷ ነበር። በሩን ከፈትኩላት። ከመግባቷ በፊት እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

"መኪናው ደህና ነው?"

"ትናንት አስፈትሼዋለሁ" አልኳት።

ባሏን አየችው። ከዚያ ገባች።