የባዶው ሮቶ አንድ ደቂቃ

ረቡዕ ከሰዓት ወንድሜ ብሩክ ጭንቅላቱን ሮቶ ውስጥ አስገብቶ ይዘፍን ነበር። ሮቶው ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታችን ጓሮ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ባዶ በሆነ ቀን ማይክሮፎን በገመድ እናወርድበታለን። ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይመለሳል። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ እቀዳለሁ።

ዘፈኑን ጨርሶ ቀና ሲል፣ "ባዶውን ቀድተሃል?" አለኝ።

ረስቼዋለሁ። አሁን ልቅዳ ስል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። ወዲያው ደግሞ ውሃ መጣ፤ ቧንቧው ማጉረምረም ጀመረ። ብሩክ ሮጦ ወደ ሮቶው የሚገባውን ቧንቧ ዘጋው።

"እማዬ ካወቀች ታርደናለች" አልኩት።

"ውሃው እስከ ነገ ቀትር አይሄድም። ጠዋት አንድ ደቂቃ እንቀዳና እንከፍተዋለን። አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ።"

ባዶውን መቅዳት የተማርኩት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ብሩክ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀልኝና፣ "ቀይዋን ቁልፍ ተጫን" አለኝ። ተጫንኩ። እሱ ክራሩን አቅፎ ዝም አለ።

"ምኑን ነው የምንቀዳው?"

"ቤቱን። አሁን ስላወራህ እንደገና።"

ከዘፈን መሀል ሳል ወይም የመኪና ጥሩምባ ቆርጠን ስናወጣ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ የሚደፈነው በዚያው ቦታ ዝምታ ነው፤ ባዶው የምንለው እሱን ነው። የሌላ ክፍል ዝምታ አይሆንም፤ ጆሮ ያውቀዋል። ማይክሮፎኑ ከቦታው ከተነሳም ዝምታው ሌላ ነው።

ብሩክ ሙዚቃውን ሳይኬደሊክ ፖፕ ይለው ነበር። ክራሩን ድምፅ በሚያስተጋባ የማሚቶ ሳጥን ያሳልፈዋል፤ ድምፁ ይዋልላል። የሰፈር ልጆች "የህልም ዘፈን" ይሉታል። አሳታሚ አልነበረንም። ሁሉንም ቤት ሠርተን ራሳችን ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን።

ቦሌ አንድ ሆቴል ለምሳ ሰዓት ቀጥሮን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ወደ ብሩክ መጥቶ፣ "ወንድም፣ ክራሩ ውሃ ውስጥ ገብቷል እንዴ?" አለው።

"አዎ፣ ገና እያወጣሁት ነው።"

ሰውየው ሳቀ። ሦስት ወር ሠራን።

አንድ አሳታሚ ግን አልሳቁም። "ድምፅህ ያምራል። ይሄን ማሚቶ አጽዳውና እኔ አወጣልሃለሁ" አሉት። ብሩክ ሻዩን ጨርሶ፣ "እሱን ካጸዳሁት የሚያወጡት ሌላ ሰው ነው ጋሼ" አላቸው። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን፣ "ተሳስቼ ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አልተሳሳትክም ማለት ነበረብኝ።

ያን ረቡዕ፣ ሮቶውን ከዘጋ በኋላ፣ ለጥገና የሰጠውን የማሚቶ ሳጥን ሊያመጣ ወደ ወሎ ሰፈር ወጣ። "ማይክሮፎኗን እንዳትነካት" አለኝ። እዚያ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው። ሆስፒታል ስንደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ስለዚያ ማታ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐሙስ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ይተክሉ ነበር። ጎረቤቶቻችን ለለቀስተኛው ውሃ ሊቀዱ ቢሄዱ ሮቶው ባዶ ነው። እማዬ ጠራችኝ።

"ናቲ፣ ውሃው ምን ሆኖ ነው?"

"እኛ ነን የዘጋነው። ለቀረጻ።"

"በል ክፈተው ልጄ" አለች።

ጓሮ ሄድኩ። ማይክሮፎኑ እንዳንጠለጠልነው ነው። ውሃው ከተከፈተ መነሳት አለበት። ድንኳኑ ጋ ደግሞ መዶሻ ይመታል። ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ተሾመ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ መዶሻው አንድ ደቂቃ ይቁምልኝ።"

"ለምኑ ነው?"

"የብሩክ ሥራ ነው። አላለቀም።"

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁኝም። "ልጆች፣ መዶሻውን አስቀምጡ። እናንተም እህቶቼ፣ አንድ ጊዜ ዝም በሉልን" አሉ።

ግቢው ዝም አለ። ቀይዋን ተጫንኩ። መሀል ላይ እማዬ ከቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተንሰቀሰቀች። ብሩክ ቢኖር "እንደገና" ይለኝ ነበር። እንደገና አልቀዳሁም። ደቂቃው ሲሞላ አቆምኩ፣ ማይክሮፎኑን አወጣሁ፣ ውሃውን ከፈትኩ። ከዚያ ባልዲ ይዤ ሮቶው እስኪሞላ ቆምኩ።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ ባዶውን ከዘፈኑ በፊት ቅዱ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።