ስለ ድኅረ ጦርነት ሊያወያዩ ወልድያ የገቡት ዶክተር

ደሴ፣ ንጋት

ጎሕ ሲቀድ ከደሴ ወጣን። ሾፌራችን ሰይድ የመርሳ ልጅ ነው። ከፊት የተቀመጡት ዶክተር ከአዲስ አበባ የመጡ አወያይ ናቸው፤ እንጀራቸው ሰው ማወያየት ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ከኋላ ተሰብሳቢ ሐሳቡን የሚጽፍባቸው ባለቀለም ካርዶችና ታትሞ ያለቀ ረቂቅ መመሪያ ጭነናል። ረቂቁ ወልድያ የተጠለሉ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ይመለሱ፣ መጠለያውም ይዘጋ ይላል። የእኛ ሥራ ሕዝቡ ይህን ራሱ ያሰበው እንዲመስለው ማድረግ ነው።

"ሰላሙ ይዘልቃል ይላሉ ዶክተር?" አለ ሰይድ።

"አሁን ያለነው ድኅረ ጦርነት ምዕራፍ ላይ ነው።"

ሰይድ መልሱን ሰምቶ የነዳጁን መጠን አየ።

መርሳ፣ ረፋድ

ከውርጌሳ ወዲህ የሀብሩ ወረዳ ማሽላ ከወገብ በላይ ደርሷል። መንገድ ዳር በተቃጠለ ታንክ ላይ ፍየሎች ይንጠላጠላሉ። መርሳ ላይ እንቁላል ፍርፍርና ፓፓያ በላን። ከወልድያ በኩል ፍራሽ የጫኑ ባጃጆች እየተከታተሉ ይመጣሉ።

"ንግዱ ተነቃቅቷል" አሉ ዶክተሩ፣ ፓፓያቸውን እየቆረጡ።

ወልድያ፣ ከቀትር በፊት

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶክተሩ "የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት" ብለው ሲያበቁ፣ ለመተዋወቂያ ያህል ሁሉም ስሙንና የሚወደውን ምግብ እንዲናገር ጠየቁ። ከወልድያ በስተሰሜን ካለችው ጎብዬ የተፈናቀሉ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

"ሼህ ይማም እባላለሁ። የምወደውን እንኳ ተወው፤ ያገኘሁትን ነው የምበላ። ልጄ፣ ለመሆኑ ጦርነቱ አልቋል ወይ?"

"አባቴ፣ እሱን ካርዱ ላይ ይጻፉት። ከሻይ በኋላ እናየዋለን።"

ወዲያው ከሰሜን በኩል ድው አለ። መስኮቱ ነዘረ።

"ነጎድጓድ ነው፤ ክረምት አይደል" ብለው ዶክተሩ ወደ ቀጣዩ ርእስ አለፉ።

ደገመ። የሼህ ይማም ምራት ፋጡማ፣ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር፣ "ያ አላህ! በእኛ አገር በኩል ነው!" ብላ ጮኸች። ሰዉ ወደ በሩ ጎረፈ። ከሁሉ ቀድመው መኪናው ጋ የደረሱት ዶክተሩ ነበሩ።

ሰይድ ሼህ ይማምንና ፋጡማን ይዞ መጣ።

"የፕሮጀክት መኪና ሌላ ሰው አይጭንም፤ ደንብ አለን" አሉ ዶክተሩ።

"ቅድም ባለድርሻ ናችሁ ስትለን አልነበረም?" አሉ ሼህ ይማም። "እንግዲያ ድርሻችንን እዚህ ላይ ስጠን።"

ሰይድ አልተከራከረም። ካርዶቹን ከነካርቶናቸው አውርዶ አስፋልቱ ዳር አስቀመጠና ፋጡማን ደግፎ አስገባት። ዶክተሩ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ "ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አላቸው።

ውርጌሳ፣ ማምሻ

መንገዱ ሰው፣ አህያና አይሱዙ ብቻ ሆኗል። መርሳ ላይ ሰይድ ቀድሞ የደወለላቸው እናቱ ከነጓዛቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዶክተሩ ማንም ሳይጠይቃቸው የፊቱን ወንበር ለቀውላቸው ከእኛ ጋር ተጣበቡ። ስልካቸው ጮኸ።

"ስምምነት ላይ ተደረሰ?" ይላል አለቃቸው። እስከ እኔ ይሰማል።

ዶክተሩ ስልኩን ዘጉት።

ውርጌሳ ስንደርስ ሼህ ይማም "አቁሙልኝ፤ ዘመድ አለኝ" አሉ። "ፋጡማን ግን አደራ፣ ደሴ ባሏ ዘንድ አድርሱልኝ።"

"እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ አባቴ" አሉ ዶክተሩ። "እዚህም ሊደርስ ይችላል።"

"አይ፣ ይበቃኛል። ከዚህ ካለፍሁ መመለሻው ይረዝምብኛል።"

ወርደው ፊታቸውን ወደ መጣንበት መለሱ። ዶክተሩ በሩን በቀስታ ዘጉ። አወያያችን ደሴ እስክንገባ ድረስ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ያዩ ነበር።