ቱርቦ የሚባል ነገር

ፍቃዱን የማያውቅ ሰው ጎጃም በረንዳ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። መኪናውን ደግሞ ከመርካቶ እስከ ደጀን ያለ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን ከኋላዋ ተሰልፎ ነው። ድንችና ጤፍ ተሸክማ የአባይን በረሃ ዳገት ስትያያዘው፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክሱ ላይ ተኝቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። መንደሩ «እማሆይ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ጎንበስ ብላ እያቃሰተች፣ በየመንገዱ ትንፋሿን እየሰበሰበች ስለምትሄድ ነው። ፍቃዱ መጀመሪያ ላይ በስሙ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን እሱም ራሱ ጠዋት ጠዋት «እማሆይ ዛሬ አልነሳም ብለዋል» ማለት ጀመረ።

ልቡን የሰበረችው ግን በቅሎ ናት። አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ በበቅሎ የተቀመጡ ቄስ ከመስኮቱ ትይዩ ደረሱና «እንደምን ዋልክ ልጄ?» አሉት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ፣ እርስዎስ?» አለ። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፤ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ። ቄሱ ጨዋታው ሲያልቅባቸው «በል እንግዲህ እኔ ልቅደም፣ ቀብር አለብኝ» ብለው በቅሏቸውን ኮርኮር አደረጉና አልፈውት ሄዱ። ወይ ጉድ! ከኋላው የነበሩት ሾፌሮች እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ሲስቁበት ደረሱ።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወዳለው ወዳጁ ወደ ጠይብ ሱቅ ገሰገሰ። ጠይብ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ የሞተር በሽታ በስልክ ሳይቀር ያውቃል። ታሪኩን ሰምቶ፣ እንባው እስኪወርድ ስቆ ሲያበቃ፣ «ሞተሯ ደህና ነው፤ ያጠራት ትንፋሽ ነው። ቱርቦ ግጠምላት፣ ጭስ ማውጫዋንም ሰፊ አድርገው፤ ያኔ በቅሎዋን ታያታለህ» አለው።

ፍቃዱ «ቱርቦ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዘሎ የጠይብን አፍ በመዳፉ ከደነ። ግራና ቀኝ ገላመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍቃዱ ድሮ ጠጪ ነበር። ጠጪ ስላችሁ እንደ ሰው አንድ ቢራ ብሎ ቤቱ የሚገባ እንዳይመስላችሁ። ቢራ፣ ነጭ ወይንና ለስላሳ በአንድ ጆግ ደባልቀው «ቱርቦ» የሚሉት መጠጥ አለ አይደል? የፍቃዱ መጠጥ እሱ ነበር። ሞቅ ሲለው የጎረቤቱን የእትዬ በለጥሻቸውን የፋሲካ በግ አቅፎ ጉንጭ ለጉንጭ እየሳመ «ወንድሜ፣ ምነው ከሳህብኝ?» ያለ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ መንደሩም፣ ሚስቱ ጤናዬም ስቀው አልፈውታል። የጤናዬ እናት ያረፉ ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ሊያረዱት ሲደውሉለት ስልኩን አንስቶ «አንድ ጆግ ጨምሩ» ብሎ ዘጋው፤ ቀብሩም ያለ እሱ ተፈጸመ።

ጤናዬ ያኔ ልብሷን ሸክፋ ወንድሟ ዘንድ ደጀን ወረደች። የተመለሰችው በስንት ሽማግሌ ልመና ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሼ ሀብተ ወልድ ዕድሜ ልካቸውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ አንቀጽ የሚጠቅሱ ይመስላሉ። እርቁን ሲያወርዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመሐላውን ቃል እንዲህ አሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቱርቦ የሚባል ነገር፣ በማናቸውም መልክና ሁኔታ፣ በዚህ ግቢ በር አይገባም። ቢገባ ግን ጤናዬ ያለ አንዳች ክርክር ወደ ወንድሟ ትሄዳለች፤ ዳግመኛ ሽማግሌ አይላክባትም።» በተለይ «በማናቸውም መልክ» ያሏት ራሳቸውን በጣም አስደሰተቻቸው፤ ሁለቴ ደገሟት። ፍቃዱም ማለ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ በአፉ አልዞረም። ጤናዬን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት፤ ሄዳ የከረመችባቸውን ቀናት ሲያስታውስ አሁንም ሆዱ ይባባል።

ይህን ሁሉ ለጠይብ ነገረው። ጠይብ ከተወለደ መጠጥ በአፉ ያላለፈ የስልጤ ልጅ ነው፤ ለእሱ ቱርቦ ማለት ከሞተር የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው፣ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ የሚያጭቅ ብረት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። «ታዲያ ብረት መሆኑን ለምን አትነግራትም?» አለው።

«አንተ ጤናዬን አታውቃትም። ይቺን ቃል ከአፌ ስትሰማ የሚቀጥለውን አትሰማም። ስሙን ሳላነሳ ልግጠመው፤ መኪናዋ ሽምጥ ስትጋልብ ያኔ ሁሉንም አጫውታታለሁ» አለ ፍቃዱ። አይ ፍቃዱ! ብልጥ መሆኑ እኮ ነው።

ጋራዥ ቢያስገባት መካኒኮቹ ቀኑን ሙሉ «ቱርቦ! ቱርቦ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ የመርካቶ ወሬ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ጤናዬ በርበሬ በረንዳ ሱቋ ስትውል፣ ድምፁን አጥፍቶ ሊሠራው ቆረጠ። ግቢው የጋራ ነው፤ እማሆይ ከገባች በኋላ ጎረቤት ሁሉ በጎኑ ነው የሚያልፈው።

ብረቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ጥቅል ጎመን ጭኖ ሲያስገባ እትዬ በለጥሻቸው በር ላይ ያዙት። የእትዬ በለጥሻቸው ዓይን ከማዳበሪያ ያልፋል። «ምንድነው እሱ የተጠማዘዘው?» አሉት።

ፍቃዱ ብረቱን አየው፤ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው። «ቀንድ አውጣ ነው፣ እትዬ።»

«ቀንድ አውጣ? ይህን የሚያክል? ለምን ይሆንሃል?»

«ለ… ለመድኃኒት» አለና እግሬ አውጪኝ ብሎ ገባ።

ከዚያ ምን ይጠየቃል! ማታ ጤናዬ በሐዘኔታ ዓይን እያየችው ወጡን ወደ እሱ አስጠጋችለት። «ፍቄ፣ ባልና ሚስት እኮ ነን፤ ያመመህ ነገር ካለ ንገረኝ» አለችው። «ምንም አላመመኝም» አለ። «ወንዶች ሲባሉ ይህን አይናገሩም፤ እትዬ በለጥሻቸው ብለውኛል» አለችና ጭራሽ እጁን ያዘችው። ፍቃዱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሆንም የቀንድ አውጣው ነገር ከቱርቦው ነገር ይሻለኛል ብሎ ዝም አለ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የድሮው ማርሚታ፣ ያ ጭሱንና ጩኸቱን አፍኖ የሚይዘው ጣሳ፣ ዝገቱ ከብሎኑ ጋር አንድ አካል ሆኗል። መዶሻ ቢሉ፣ ዘይት ቢሉ፣ ልመና ቢሉ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ፍቃዱ ተስፋ ቆርጦ ከሥሩ ተኝቶ ሲያርፍ ራሱ ወርዶ ደረቱ ላይ ዘጭ አለ፤ የዘመናት ጥቀርሻውንም ፊቱ ላይ ገለበጠው። ምናለሽ ተራ ያገኘውን ሰፊ ቱቦ በእሱ ቦታ በየደው፤ ማርሚታውን ኋላ እጨምርለታለሁ ብሎ አፉን ወደ ግቢው በር አዙሮ ተወው። ወዲያው የእትዬ በለጥሻቸው ዶሮ ገብታ እንቁላል ልትጥልበት ተመቻቸች። ዶሮዋን በስንት ማባበል አስወጣና አሮጌ የሌሊት ሱሪውን ጠቅጥቆ ወተፈበት።

የመጨረሻው ቀን እጁ በግሪስ ተነክሮ ከመኪናው ሥር እንደተጋደመ ጠይብ ደወለለት። ስልኩን በክርኑ ነካ አድርጎ ድምፁን ለቀቀው። ያን ጊዜ ደግሞ ጤናዬ የሚዛን ድንጋይ ረስታ ከሱቋ ተመልሳ ነበር፤ ከእማሆይ ወዲያ ማዶ ደርሳ በጎኗ ልታልፍ ስትል የባሏን ድምፅ ሰምታ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«እሺ፣ ቱርቦው ገባ?» አለ ጠይብ።

«ገባ! ልክ ብሎ ገባ! ምን አለፋህ፣ አንጀቴን ነው ያራሰው» አለ ፍቃዱ።

ጤናዬ ወደ እማሆይ ጎን ይበልጥ ተጠጋች።

«ጠጣ?»

«ገና አልጠጣም፤ አሁን ልጀምር ነው።»

«ደረቁን እንዳይነሳ! ዘይት…» አለ ጠይብ፤ በዚህ ጊዜ ከውጪ አንድ ባለጋሪ «ጠጋ በሉ!» እያለ ጮኾ አለፈና ጤናዬ የሰማችው ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ሆነ፦ «…መጀመሪያ ጥግብ እስኪል ይጠጣ! ከዚያ ነው የሚነሳው።»

«ሙሉ ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ» አለ ፍቃዱ፣ ደስ ብሎት። «ጤናዬ ሳትመጣ እጨርሳለሁ።»

ጤናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ወጣችና በቀጥታ ወደ ጋሼ ሀብተ ወልድ ቤት አቀናች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ገባ» አለቻቸው። ምን እንደገባ መንገር አላስፈለጋትም። ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ከዘራቸውን አነሱ። እትዬ በለጥሻቸው ማንም ሳይጠራቸው ለምስክርነት ከጤናዬ ኋላ ተከተሉ።

ፍቃዱ በዚህ ሰዓት ቱርቦውን ዘይት አጠጥቶ፣ እጁን አብሶ፣ ጋቢና ውስጥ ተሰይሟል። በስመ አብ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ጋሼ ሀብተ ወልድም ልክ በዚያች ቅጽበት የግቢውን በር ከፍተው «በሕግ አምላክ!» አሉ።

እማሆይ ታፍና አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቧ! የሌሊት ሱሪው ከቱቦው ተተኩሶ ወጣ። የጋሼን ባርኔጣ አንስቶ፣ እሱ ራሱ በቦታው ጭንቅላታቸው ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ እግሩ በዚህ ትከሻቸው፣ ሌላው በዚያ ትከሻቸው ወረደ። ተከትሎ የመጣው ጥቁር ጭስ ሦስቱንም ዋጣቸው። ዶሮዋ ጣሪያ ላይ ወጣች። ማርሚታ የሌላት እማሆይ እንዲያ ስታጓራ አንድ ጎረቤት «አውሮፕላን ወደቀ!» እያለ ወደ ውጪ ሮጠ።

ፍቃዱ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። ጭሱ ሲገለጥ ጥርሳቸውና ዓይናቸው ብቻ የነጣ ሦስት ሰዎች ቆመው አየ። «ጋሼ! ይቅር ይበሉኝ! ተጎዱ እንዴ?»

ጋሼ ሀብተ ወልድ ሱሪውን ከራሳቸው አወረዱ፣ በጥንቃቄ አጠፉት፣ በክንዳቸው ያዙት። «ቱርቦ ገብቷል ወይስ አልገባም?» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ፍቃዱ ጤናዬን አያት። ጥቀርሻው ላይ እንባዋ መንገድ ሠርቶ ወርዷል። ነገሩ ገባው። «ገብቷል፤ ግን የሚጠጣ አይደለም፣ ጋሼ፤ ዘይት ጠጪው እሱ ነው። ብረት ነው። ይኸው!» ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ አሳያቸው።

እትዬ በለጥሻቸው አንገታቸውን አስገብተው አዩና «ውይ! ቀንድ አውጣው!» አሉ።

ጋሼ ፍቃዱን አስጠግተው «እፍ በል» አሉት። እፍ አለ። ናፍጣ ናፍጣ ሸተታቸው። ሰውዬው ንጹሕ ነው፤ እሳቸው ግን ተቸገሩ። «ስሙ ማነው አልክ?» «ቱርቦ።» «ማለት ቱርቦ ይባላል?» «ይባላል፣ ጋሼ።» ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በማናቸውም መልክ ብለናል፤ ይህ ደግሞ መልክ ነው። በቃሉ ከሄድን ገብቷል። ባይጻፍም ቃል ቃል ነው።» ያቺ የሚወዷት ሐረግ እንዲህ ትከዳኛለች ብለው በሕልማቸውም አላሰቡ። «አዲስ መሐላ እናዘጋጅ። ‹ከብረት በስተቀር› ብለን እንጀምር…»

«አዲስ መሐላ አልፈልግም» አለች ጤናዬ።

ወደ ፍቃዱ ዞረች። «ብረት ከሆነ ለምን ደበቅከኝ?»

«ፈራሁ። ቃሉን ስትሰሚ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔም ልሄድ ነበር። ገብቼ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። አንድ ቀሚስ አጥፌ ቁጭ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ጠጥተሃል ብዬም እንኳ መሄድ አልቻልኩም፣ ገባህ? በራሴ ተናደድኩ፤ ጋሼ ጋ የሄድኩት እሳቸው ሂጂ እንዲሉኝ ነው።» ድምጿ ተሰበረ፤ ቶሎ ሰበሰበችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋቢዎትን እኔ አጥባለሁ። መሐላው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። አንተ ደግሞ፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ በልብህ ያለውን ራስህ በአፍህ ንገረኝ። ከጎረቤት አልስማ፣ ከስልክ አልስማ።»

«እነግርሻለሁ» አለ ፍቃዱ። ጥርሱን ነክሶ የያዘው እንባ አመለጠው። ጋሼ በእጃቸው ያለውን ሱሪ ሰጡትና ዓይኑን ጠረገበት።

ኮፈኑን አየ፤ ጤናዬን አየ፤ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲህ ንገረኝ ካልሽ… አንድ ነገር አለ። ጠይብ ዳገት ላይ አየሩ ይሞቃል ብሎኛል። አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር የሚባል ነገር ቢጨመርበት…»

ጤናዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከጥቁር ፊቷ ውስጥ አፍጥጣ አየችው።

«እሱ ደግሞ» አለች፣ «ከምን ጋር ተደባልቆ ነው የሚጠጣው?»