የሚሳኤል አውራ ጣት

በአጎቴ የሸንኮራ መጭመቂያ በቅሎ ነጂው ሚሳኤል፣ የሞተችበት የቀድሞ በቅሎው ናፍቆት ይዞት የእሷን ቀንበር ለአዲሷ በቅሎ ለጎሎንድሪና አጠለቀላት። ቀንበሩ ጠበባትና የትከሻዋን ነርቭ ጎዳው፤ ጡንቻዋ ሟሽሾ አጥንቷ ገጠጠ። አጎቴ ለሥጋ ሊሸጣት ተነሳ።

«ዶን ኤሊሴዮ» አለው ሚሳኤል አጎቴን፤ «ጡንቻዋን የሚያዘው ነርቭ ነው የተጎዳው። ቀስ ብሎ መልሶ ያድጋል፤ ስምንት ወር ይስጡኝ።»

«በግትርነት ከበቅሎዋ አንተ ትብሳለህ! ይሁን፣ ስምንት ወር።»

ሚሳኤል በየማለዳው ያለ ሥራ አንሸራሽሯት፣ አውራ ጣቱን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ጡንቻው እስኪንቀሳቀስ ይጠብቅ ነበር። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነርቭ ስማር ዓይኔ ላይ የመጣው ያ አውራ ጣት ነው።

በስምንተኛው ወር አጎቴን ጠራው። «እስቲ እጅዎን ያሳርፉ!»

ከቆዳዋ ሥር ጡንቻው ይርገበገብ ነበር። 

«ያንን አሮጌ ቀንበር አቃጥለው» አለ አጎቴ፤ «ለእሷ በልኳ አሠራላት።»