ሸረሪቴን ያሳደጋት ዱባ

ሸረሪቷን ያገኘኋት ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ውስጥ የመጋዘን መሠረት ስናስቆፍር ነው። ኤክስካቫተሩ ከዘረገፈው አፈር ውስጥ ተጠቅልላ ወደቀች፤ አውራ ጣቴን የምታክል፣ ቡናማ፣ ባለጠጉር። አንዱ ሠራተኛ አካፋውን አነሳ። ፎርማን ነበርኩና «ተው!» ስለው ተወ። ሄልሜቴን ደፋሁባት። ፈረንጆቹ ታራንቱላ ከሚሉት ከትልልቆቹ ሸረሪቶች ዘር ነች፤ ገና ግን ልጅ ነበረች። በብስኩት ዕቃ አድርጌ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ለምን እንደወሰድኳት ዛሬ ቢጠይቁኝ በቅጡ አላውቀውም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ አንድ ነገር እንዲኖር ሳልፈልግ አልቀረሁም።

የምኖረው ካቶር ነበር። ግቢው ሁለት ቤት አለው፤ በአንደኛው እኔ፣ በሌላኛው የግቢው ባለቤት። ባላቸው የሞተባቸው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሴትዮ ናቸው። ልጅነታቸውን በስደት ጋምቤላ፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ጠዋት በሬ ላይ ቆመው በጁባ አረብኛ «ኢታ ኬፍ?» ይሉኛል፤ ደህና መሆኔን ስነግራቸው «ተመስገን፣ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። ስለ ሸረሪቷ አልነገርኳቸውም። ሰው ቤት ተከራይቶ እንዲህ ያለ ፍጥረት የሚያኖር ወይ አእምሮው የተነካ ነው ወይ መተተኛ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ዕቃውን በጨርቅ ሸፍኜ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ማታ ማታ ከየጥጉ የሚጮኹትን ጥቁር ፌንጣዎች እየያዝኩ ባልዲ ውስጥ ማርባት ጀመርኩ። የሚደበቁበት የእንቁላል ካርቶን፣ የሚበሉት ፉርሽካ አደረግኩላቸው። ፉርሽካ ለከብት ከበቃ ለፌንጣ ምን ያንሰዋል ብዬ ነው። ሸረሪቷ የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች፤ ግን አታድግም። ሆዷ የተሸበሸበ ነው። አንድ ጊዜ ቆዳዋን ስትጥል ከአዲሱ ቆዳ አንድ እግሯ ተጣምሞ ወጣ፤ በመጠን ግን ያው እንደነበረች ናት።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2013 ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሳ። የድርጅታችን ሰዎች በተገኘው አውሮፕላን ወጡ፤ እኔ ማሽኖቹን እንድጠብቅ ቀረሁ። ሥራው ቆመ፣ ደመወዜ ግን አልቆመም፤ አዲስ አበባ ባንክ ይገባልኝ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ግን አልነበረም። የእኒያ አስተማሪ ጎረቤቴ እህት ቤቷ ተዘርፎ ከነልጆቿ እሳቸው ዘንድ መጣች። ያ ትንሽ ቤት ፍራሽ በፍራሽ ሆነ። እኔ በሦስት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ሥራ ሲጠፋ ጊዜዬን ሁሉ ለሸረሪቷ ሰጠሁ። ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር ስለ አመጋገቧ አነባለሁ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሸረሪት ፌንጣውን ብቻ ሳይሆን ፌንጣው የበላውንም አብራ ነው የምትበላው። የኔ ፌንጣዎች ሆዳቸው ውስጥ ገለባ ነበር። ሸረሪቷን ባዶ ሆድ ስመግባት ኖሬያለሁ ማለት ነው። ቅጠል፣ አትክልት፣ ትንሽ ዓሣ ያስፈልጋቸዋል። ገበያው ግን በዚያ ሰሞን ባዶ ስለነበር፣ ቢያንስ ለምለም ሣር ሲበሉ የኖሩ የዱር ፌንጣዎች ልያዝላት ብዬ ከግቢያችን ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። ከአሮጌ አጎበር መረብ ሠርቻለሁ።

ጎረቤቴ ያገኙኝ እዚያ ነው፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፌንጣ ወደ ጠርሙስ ስከት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉኝ።

«ፌንጣ እየያዝኩ።»

«ለምን?»

«ለምግብ...» አልኩ። ቀጥዬ «ለሸረሪቴ» ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ማሌሽ፣ ልጄ» አሉ። አይዞህ፣ ግድ የለም እንደማለት ነው። ፊታቸውን መለስ አድርገው ፈጠን ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በራፌን ሲያንኳኩ በአንድ እጃቸው ኪስራ፣ ያን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ በሌላው ግማሽ ዱባ ይዘዋል። «የኛ ሰው ምስጥም ይበላል፤ ለእኛ ጣፋጭ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አበሻን ግን አውቀዋለሁ፤ ከእናንተ ጋር ነው ያደግኩት። አበሻ ፌንጣ ከለቀመ ሌላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ለምን ዝም አልክ? ሥራው ከቆመ ጀምሮ ምን ስትበላ ነበር?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ «ይግቡና ይዩ» ብል ምናልባት ይስቁ ነበር፤ ምናልባትም ይጮኹ ነበር። እኔ ግን ዱባውን ተቀበልኩ። እንዲያውም አንገቴን ደፋሁ፤ የተራበ ሰው አንገቱን እንደሚደፋው።

ኪስራውን በላሁት። ዱባውን በስሱ ቆርጬ ባልዲው ውስጥ ስጥለው ፌንጣዎቹ ተራኮቱበት።

ሴትዮዋ አላቋረጡም። ከኪስራው ጋር አንድ ቀን ኩድራ የሚሉትን ቅጠል በእሥር፣ ሌላ ቀን የተፈጨ የደረቀ ዓሣ፣ ደግሞ ዱባ ይልኩልኛል። «ቀቅለህ ብላው፤ ኃይል ይሰጣል» ይሉኛል። ኩድራ ሲበስል እንደ ሙጫ ስለሚዝለገለግ አልወደውም ነበር። ጥሬውን ለፌንጣዎቹ እሰጣለሁ፤ የዓሣውን ዱቄት በላዩ እነሰንሳለሁ። ፌንጣዎቹ ወፈሩ፤ ቆዳቸው አብረቀረቀ። ሸረሪቷም የተሸበሸበው ሆዷ ሞላ። ከዚያ መብላት አቆመች፣ በጀርባዋ ተጋደመች፤ አሮጌውን ቆዳ ስትጥል እግሮቿ ሁሉ ቀጥ ብለው ወጡ፤ ያ የተጣመመውም ሳይቀር። መዳፌን ልታክል ምንም አልቀራትም። ሙቀቱም ሊሆን ይችላል ያፈጠናት፤ የካቲት ውስጥ ጁባ ምድጃ ናት። እኔ ግን ዱባው ነው ብዬ አመንኩ። የዚያን ቀን ደስታዬን የማካፍለው ሰው ፈልጌ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ጎረቤቴ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆመው አዩኝ።

«ዛሬ ፊትህ ፈክቷል። አየህ? ሲበሉ እንዲህ ነው» አሉኝ። እህታቸው ደግሞ ሥራዋን ሳታቋርጥ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ያኔም አልነገርኳቸውም። ስወጣና ስገባ አንገቴን ደፍቼ ማለፍ ጀመርኩ። የእህትየዋ ልጆች ሰላም ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ። ግን ዱባው ሲመጣ እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ውሸት ከመጀመሪያው ማረም የሚከብድ መሰለኝ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከሁለተኛው።

ካቶር መንገድ ዳር ፓስታና ዘይት በጅምላ የሚሸጥ አንድ ያገሬ ሰው ነበር። ደንበኛው ነበርኩ። ጎረቤቴ ሲያበሉኝ ከእሱ መግዛቱን እየተውኩ መጣሁ። ለካስ ሴትዮዋ ሱቁ ሄደው «ያ ልጅ እየተራበ ነው፣ የአገራችሁ ልጅ አይደለም ወይ?» ብለውታል። እሱም እውነትም ከጠፋሁበት ሰንብቼ ነበርና አመነ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ባለሱቁ፣ ከእሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ ከኋላቸው ጎረቤቴ። ሩዝ በማዳበሪያ፣ ዘይት በጀሪካን፣ ፓስታ በካርቶን፣ ቴምር በፌስታል ተሸክመው አስገቡ። ወንበር ስላልበቃ ጎረቤቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሸረሪቷ ከሥራቸው ነበረች።

«ወንድሜ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ችግር በሰው ሁሉ ላይ ይመጣል። እኔም ይሄን አገር ስረግጥ በሸራ ጫማ ነው የገባሁት። ከአገር ሰው ግን ችግር አይደበቅም። ይሄ ከነጋዴው የተዋጣ ነው።»

ይህን ጊዜ ከጥግ ባልዲው ውስጥ ፌንጣዎቹ መጮኽ ጀመሩ።

«ምንድን ነው ድምፁ?» አለ ባለሱቁ፣ ዙሪያውን እየቃኘ።

ጎረቤቴ ቶሎ ብለው ክንዱን ያዙት። «ተው፣ አትጠይቀው» አሉት በሹክሹክታ። «የሚበላው ነው።»

የእሳቸው መሸፈን ነው ያልቻልኩት። ሊያዋርዱኝ ቢመጡ ኖሮ እችለው ነበር። ተነሳሁ።

«እኔ አይደለሁም የምበላው» አልኩ።

«ታዲያ ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

ጎንበስ ብዬ ዕቃውን ከአልጋው ሥር ሳብኩና ጨርቁን ገለጥኩት። ባለሱቁ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ሲል ካርቶኑ ተረገጠ። ጎረቤቴ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አልጮኹም። እኔ ማውራት ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ፉርሽካ ብቻ የበላ ፌንጣ ሸረሪት እንደማያሳድግ፣ እግሯ እንዴት ተጣምሞ እንደነበር፣ ዱባውና ዓሣው ከገባ በኋላ እንዴት እንደተስተካከለ፣ ሆዷን እንዲያዩልኝ... ራሴን እየሰማሁት ነበር። ሩዝ ላመጡልኝ ሰዎች ስለ ፌንጣ አመጋገብ ትምህርት እሰጣለሁ።

ጎረቤቴ ተነስተው ባልዲው ላይ አጎነበሱ። የዱባው ልጣጭ፣ የኩድራው ቅጠል፣ የዓሣው ዱቄት ሁሉም እዚያው ነበር።

«ይሄ የኔ ዱባ ነው» አሉ። የቆጡ አይመስሉም፤ የጠፋ ዕቃቸውን ሰው ቤት ያገኙ ነው የሚመስሉት።

«ደመወዝህስ?» አለኝ ባለሱቁ።

«ይገባልኛል።»

«ሳይቋረጥ?»

«ሳይቋረጥ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የወጣ ሰደቃ ተመልሶ ቤት አይገባም» አሉ። ወደ ጎረቤቴ ዞረው፣ «እርስዎ ዘንድ ልጆች አሉ ተብሏል። ለእነሱ ይሁን።»

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ለራሴ አልለመንኩም» አሉ። «ለእሱ ብዬ ነው እሱቅ ድረስ የሄድኩት።»

«እናውቃለን» አሉ ሽማግሌው። ግን ማንም ምንም ቢል ነገሩ ተበላሽቷል። በሌላ ሰው ስም ለቤታቸው የለመኑ አስመስያቸዋለሁ። ለልጆቹ ሲሉ ወሰዱት። ሩዙን ልሸከምላቸው እጄን ስዘረጋ እህታቸውን ጠሩ።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ላይ አልቆሙም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ተገናኘን።

«እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ልጄ ሲሉኝ የኖሩ፣ «አደሩ» ብለውኝ ባልዲያቸውን አንስተው ገቡ።

ከቀናት በኋላ አንድ ጆንያ ዱቄት ገዝቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዱቄቱን አዩት።

«ሸረሪት መሆኑ አይደለም የከፋኝ» አሉ። «የእህቴ ልጆች ዱባ ጨምሪልን ሲሉኝ አልቋል እያልኳቸው ነበር። አላለቀም ነበር። ግማሹን ለእርስዎ አስቀምጬ ነው።»

ዱቄቱን ተቀበሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፤ በሩን ሲዘጉም ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ከዚያ በኋላ ለፌንጣዎቹ ካሮትና ጎመን በራሴ እገዛ ጀመር። ሸረሪቷ ቆዳዋን ጣለች፣ ደግማም ጣለች፤ ከመዳፌ አለፈች። ላያት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጆሮዬ የግቢውን ድምፅ ነው የሚያዳምጠው፤ የልጆቹን ጨዋታ፣ የሳህኑን ኳኳታ። በፈረንጆቹ 2015 ሥራው ሲከፈት ሎሎጎ ወደሚገኘው የሠራተኞች ካምፕ እንድዛወር ለመንኩ። ድርጅቱ አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። ዕቃዬ ሲጫን ጎረቤቴ ወጥተው እስኪያልቅ በረንዳቸው ላይ ቆሙ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ቤቱ ውስጥ የረሳሁት ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። «እንግዲያው መንገድዎን ያቅናልዎ» አሉኝና ክፍሎቹን ለእህታቸው ልጆች ሊያጸዱ መጥረጊያ ይዘው ገቡ።