ማጣሪያው የዋጠው የለቅሶ ጥሪ

የኢሜይል ፕሮግራም አይፈለጌ መልእክት ሲያሳልፍ ማጣሪያውን የምጠግነው እኔ ነኝ። የጉለሌው ዕድራችን ጡሩምባውን ትቶ ለቅሶ በኢሜይል መንገር በጀመረ በወሩ የጎረቤቴ ቀብር አመለጠኝ። ጥሪውን በማግስቱ ከሎተሪ አጭበርባሪዎች መልእክት መሀል ተወሽቆ አገኘሁት።

ባልደረባዬን ጠረጠርኩ። የማጣሪያውን ኮድ ነካክቶብኛል ብዬ በሆዴ ስረግመው ዋልኩ። መስመር በመስመር ብፈትሸው ግን አንድም ስህተት አጣሁ። ማጣሪያው የሚማረው ሰው ሳይከፍት ከሚጥለው ነው፤ የዕድሩን የስብሰባ ጥሪ ሁሉ ሳልከፍት ስጥል የከረምኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ለዕድሩ ጸሐፊ፣ ለሽማግሌው፣ "ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው የጣለብኝ" አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ኮምፒውተሩማ እኛን የት ያውቀናል?" አሉ። "ማን ነግሮት ነው?"