ፊቱ ላይ የተጣለው ፎጣ

ተቀምጬ በሽተኛ ማየት አልችልበትም። ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ አድጌ ሸዋሮቢት ሙቀት ውስጥ በሐኪምነት ስመደብ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ነርሶቹ «ዶክተር፣ ወለሉን በእግርሽ ጨረስሽው እኮ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው ታሞ ተኝቶ፣ ምን እንደያዘው ሳላውቅ ወንበር ላይ ስቀመጥ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጎረቤቶቹ አንድ ወጣት በባጃጅ አምጥተው፣ ብብቱ ሥር ገብተው ደግፈው አስገቡት። እናቱ ከኋላ ይሮጣሉ፤ አንዱ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ወባ ነው። በዚህ ወር ሁልጊዜ ይነሳበታል» አለኝ አንደኛው ጎረቤት፣ ምርመራውን ጨርሶ የመጣ ይመስል።

ቆላ ውስጥ ያላበው ሁሉ ወባ ነው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ልክ ስለሚሆኑ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። የዚህ ልጅ ገላ ግን ትኩሳት አልነበረውም። በላብ ተጠምቋል፣ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስል ይንተከተካል። የልቡ ምት ቀርፋፋ ነው። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳይ ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክሏል።

«ዛሬ ምን ሲሠራ ነበር?» አልኩ።

«ሽንኩርት ሲረጭ» አሉ እናቱ። «ከሰው ማሳ ላይ፣ ያንን ፓምፕ ተሸክሞ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፀረ ተባዩ በቆዳውና በትንፋሹ ገብቶ መርዞታል። ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙና አጠብነው፤ ልብሱን ፌስታል ውስጥ ቋጥረን «ከዚህ አርቁት» ብለን ለጎረቤቶቹ ሰጠን። ከዚያ የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን በደም ሥሩ ጀመርን። የዚህ መድኃኒት አሰጣጥ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ነው። ሰጥቶ መቆም፣ ደረቱን ማዳመጥ፣ ካልደረቀ ደግሞ መስጠት። ደረቱ ደረቀ፣ የልቡ ምት ፈጠነ፣ እኔም በረጅሙ ተነፈስኩ።

ዞር ብዬ ስመለስ ፊቱ ላይ ፎጣ ተጥሏል። አነሳሁት።

«እማማ፣ ዓይኑን ማየት አለብኝ።»

«ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ እኮ እያየው ነው!» አሉ፤ በሩ ላይ ተደራርቦ የሚያየውን አስታማሚ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እንዲህ ያለ ጎልማሳ ተዘርሮ! ወላሂ፣ የሰው ዓይን ነው የጣለው። እንዳይጨርሱብኝ ልሸፍነው።»

እኔ አነሳለሁ፣ እሳቸው ይሸፍናሉ። ሌላ አልጋ ደርሼ ስመለስ ምራቁ እንደገና መፍሰስ ጀምሯል፤ ሰፋ ብሎ የነበረው ብሌን ተመልሶ ጠቧል። አትሮፒን ጨመርኩ፣ ተሻለው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ባሰበት። ተሳስቼ ይሆን? ሌላ ነገር ይሆን ያመመው? የቀረን አትሮፒን የሚያኩራራ አይደለም። ወደ ደብረ ብርሃን ልላከው ብል፣ የጣርማ በርን ዳገት ሳይሻገር ትንፋሹ ይቆማል። ልጁ እጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

እናቱ ፎጣውን መልሰው ሲጥሉበት ትዕግሥቴ አለቀ። ተናድጄ ስመነጭቀው ጫፉ አፍንጫዬን ነካኝ። ነጭ ጋዝና ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለ የመሰለ ሽታ አለው። ደግሞም እርጥብ ነው።

«ይህ ፎጣ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ! ሲረጭ አፍና አፍንጫውን የሚያስርበት። ጎረቤቶቹ ሳይወስዱት ከፌስታሉ ውስጥ አወጣሁት። ልጄን በባዕድ ጨርቅ ልሸፍነው ኖሯል?»

«እማማ፣ መርዙ እኮ እዚህ ላይ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞር አለ። ፎጣውን በጓንት ይዤ በመስኮት ወረወርኩት። ለመሸፈን የተዘረጉት የእናቱ እጆች አየር ላይ ቀሩ። መጮሄ ያኔውኑ ቆጨኝ፤ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ፊቱንና አንገቱን እንደገና አጠብን፤ ከዚያ በኋላ የሰጠሁት አትሮፒን ጸና። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

«እናቴስ?» አለ።

ወንበራቸው ባዶ ነው። መቀመጥ የማይሆንልኝ እኔ ስለሆንኩ ፍለጋ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር አገኘኋቸው። ፎጣውን ከመስኮቱ ሥር አንስተው፣ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እስከ ክርናቸው ገብተው በባዶ እጃቸው ያሹታል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«መርዙን ላጥብለት ብዬ። ነገ ማሳው ይጠብቀዋል። ምን ሊያስር ነው?»

ሳፋውን በእግሬ ገፋሁት። እጃቸውን ይዤ ቧንቧው ሥር በሳሙና እያጠብኩ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ብሌናቸው ጠቧል። እሳቸውም ተመረዙ ብዬ ደነገጥኩ። ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፤ በዚህ ፀሐይ የማን ብሌን ነው የማይጠበው? ወደ ግድግዳው ጥላ ጎተትኳቸው። ጥላውም አልበቃኝ አለ። ጋውኔን አውልቄ የሁለታችንንም ራስ ሸፈንኩ። በጨርቁ በኩል የሚገባው ብርሃን ፊታቸውን ለማየት በቂ ነበር።

«አሁን ደግሞ አንቺ ሸፈንሽኝ» አሉ።

«ዝም ይበሉ እማማ፣ ልይዎት።»

ብሌናቸው ቀስ እያለ ሰፋ። አፋቸው ደረቅ ነው፣ ትንፋሻቸውም ንጹሕ። ልጁ መንቃቱን ነገርኳቸው። «አልሃምዱሊላህ» አሉና አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ማን ያየኛል ብዬ።

እንባቸውን ሲጨርሱ በዝግታ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ነገ አፍና አፍንጫውን በምን ይሰር?»

ጋውኑን ከራሳችን ላይ ሳላነሳ ቆምኩ።